ከዳክዬ ዓይን የተሰወረው ጀልባ
(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)

ነገርን ነገር ያነሣዋል እንደሚባለው፤ ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ መነሻው እጅግ ትንሽ የሆነ ነገር ነው። ይኸውም በላዩ ሣር የለበሰ፣ ከሩቅ ሲያዩት ከረግረግ ዳር የበቀለ ቁጥቋጦ እንጂ የሰው እጅ ሥራ የማይመስል፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የዳክዬ አዳኝ ጀልባ ነው። ይህ ጀልባ በመጀመሪያ ሲመለከቱት የመዝናኛ ዕቃ ይመስላል። ነገር ግን ታሪኩን ገልጠው ሲመረምሩት፣ የሰው ልጅ ብልሃት ከችግር እንዴት እንደሚወለድ፣ ብልሃቱም ከልክ ሲያልፍ እንዴት ወደ ጥፋት እንደሚዞር፣ በመጨረሻም ያው ሰው ተጸጽቶ በገዛ ብልሃቱ ላይ እንዴት ልጓም እንዳበጀ የሚያስተምር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ሐሳባችሁን እንድትሰጡን እንለምናለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የዳክዬ ዓይንና የአዳኙ ችግር

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት አዳኙ ራሱን ለመሰወር ይህን ያህል የሚጨነቅበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። የዱር ዳክዬ ዓይኖች እንደ ሰው ዓይን በፊት ለፊት የተተከሉ አይደሉም፤ በራሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ስለ ሆነ፣ አንገቱን ሳያዞር ፊቱንም፣ ኋላውንም፣ ከራሱ በላይ ያለውንም ለማየት ይችላል። ቀለምን በመለየት ረገድም ከሰው ይበልጣል፤ ለእኛ ዓይን የማይታየውን፣ ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ ያለውን ብርሃን እንኳ ያያል። ከዚህም ሌላ ብዙውን ጊዜ በመንጋ ስለሚጓዝ፣ የአንዱ ዓይን ቢስት የሌላው አይስትም።

በየብስ የሚያድን ሰው ዛፍ፣ ቋጥኝ ወይም ጉብታ ይከልለዋል። በውሃ ላይ የሚያድን ሰው ግን እንደ መስተዋት በተዘረጋ ሜዳ መካከል ብቻውን እንደ ቆመ ምሰሶ ነው። እንግዲህ የሚሸሸግበት ቁጥቋጦ ከሌለ፣ ቁጥቋጦውን ራሱ ተሸክሞ መሄድ አለበት ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ታሪክ ሥሩ ይህ ነው።

የጥንት ሰዎች ብልሃት

በውሃ ላይ ወፍ ማደን የትናንት ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ዓመት ገደማ በግብፅ አገር በቴብስ ከተማ ይኖር የነበረ ነባሙን የሚባል የቤተ መቅደስ ጸሐፊ፣ በመቃብሩ ግድግዳ ላይ የተሣለለት ሥዕል ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በዚህ ሥዕል ላይ ነባሙን ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ የሚወረወር ዱላ፣ በሌላው እጁ ሕያዋን ወፎችን ይዞ ይታያል። እነዚህም ወፎች በረግረግ ውስጥ ያሉትን ወገኖቻቸውን ለማቅረብ የሚያገለግሉ ማባበያዎች እንደ ሆኑ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከመካከላችሁ ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ጣናን የጎበኘ ሰው፣ ይህን የደንገል ታንኳ በሥዕል ሲያየው እንግዳ አይሆንበትም፤ የጣና ሰዎች ከዚያው ከደንገል ታንኳቸውን አስረው ሲቀዝፉ የኖሩ ናቸውና።

ከግብፅ ርቀን ወደ አሜሪካ ምድር ስንሻገር ደግሞ ከዚህ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። በ1924 ዓ.ም. የጥንት ነገር መርማሪዎች በኔቫዳ ክፍለ ሀገር፣ ሎቭሎክ በሚባል ዋሻ ውስጥ ሲቆፍሩ፣ ከሸምበቆ ተጎንጉነው የተሠሩ 11 የዳክዬ ምስሎች አገኙ። ከነዚህም አንዳንዶቹ ቀለም የተቀቡና እውነተኛ ላባ የተሰካባቸው ነበሩ። ዕድሜያቸውም ሲመረመር 2000 ዓመት ያህል ሆኖ ተገኘ። የዚያ አገር ጥንታውያን ባላገሮች እነዚህን ምስሎች በውሃ ላይ አንሳፍፈው፣ ራሳቸው በሸምበቆው ውስጥ አድፍጠው፣ በሰማይ የሚያልፈው መንጋ ወገኑን ያየ መስሎት እስኪወርድ ድረስ ይጠብቁ ነበር። እንግዲህ የዳክዬ አደን ሁለቱ ምሰሶዎች፣ ማለት ማባበልና መሰወር፣ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ሹልክ የሚለው ሣጥን

ጀልባውን ራሱን መደበቂያ የማድረግ ብልሃት በታሪክ ከታወቁት ሁሉ ይልቅ ስመ ጥር የሆነው በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ የባሕር ዳርቻ ነው። በዚያ አገር ባርኔጋት የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። ከታላቁ ውቅያኖስ በቀጭን የአሸዋ ደሴት የተለየ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ዳርቻው በጨው ሣር የተሸፈነ ስለ ሆነ፣ በመጸውና በክረምት የዱር ዳክዬና ዝይ በብዛት ይሰፍርበታል።

በ1836 ዓ.ም. ገደማ፣ ዌስት ክሪክ በተባለች መንደር የሚኖር ሄዘልተን ሲመን የሚባል አንድ ጀልባ ሠሪ ነበር። ይህ ሰው ጎበዝ አዳኝም ስለ ነበር፣ የጀልባ ሠሪነቱን ዕውቀት ከአዳኝነቱ ችግር ጋር አዛምዶ አንድ አዲስ ጀልባ አበጀ። ጀልባው ርዝመቱ 12 ጫማ ያህል፣ ማለት ከ3 ሜትር ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ወርዱም 4 ጫማ ያህል ነው። ከታች እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ፣ ከላይም በሳንቃ የተከደነ ሆኖ፣ በመካከሉ ለአንድ ሰው መግቢያ የሚበቃ ክፍት ስፍራ ብቻ ተትቶለታል። የተሠራበትም እንጨት በዚያ አገር ረግረግ የሚበቅለው፣ ቀላልና በውሃ ቶሎ የማይበሰብሰው ነጭ ዝግባ ነው።

የዚህ ጀልባ ምሥጢሩ ከውሃው በላይ ብዙ አለመታየቱ ነው። ጎኑ ዝቅተኛ፣ ክዳኑም እንደ ኤሊ ጀርባ ለስላሳ ሆኖ የጎበጠ ስለ ሆነ፣ ረጅም ጥላ አይጥልም። አዳኙ ወደ ረግረጉ ዳር ሲደርስ መቅዘፊያውን አጥፎ፣ በዚያው ስፍራ የሚበቅለውን ሣር አጭዶ በክዳኑ ላይ ያለብሰዋል፤ ከዚያም ከውስጡ ገብቶ በጀርባው ይተኛል። አንድ ሰው ብቻውን ከውሃ ወደ ሣሩ ጎትቶ ሊያወጣው የሚችል ስለ ሆነ ረዳት አያስፈልገውም። ሲመን የመጀመሪያውን ጀልባ «የሰይጣን የሬሣ ሣጥን» ብሎ ሰየመው ይባላል። የወሽመጡ ሰዎች ግን «ስኒክቦክስ» አሉት፤ ትርጓሜውም ሹልክ ብሎ የሚሄድ ሣጥን ማለት ነው። ይህም ስም እስከ ዛሬ ጸንቶ ቀርቷል።

የጀልባውን ጥንካሬ ለዓለም ያስታወቀው ናትናኤል ቢሾፕ የተባለ ተጓዥ ነው። ይህ ሰው በ1875 ዓ.ም. መጨረሻ በአንዲት ስኒክቦክስ ተሳፍሮ፣ ከፒትስበርግ ከተማ ተነሥቶ የኦሃዮንና የሚሲሲፒን ወንዞች ተከትሎ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወረደ። የ2600 ማይል ጉዞውንም በ1879 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ተረከ። ለዳክዬ አደን የተሠራች ትንሽ ሣጥን ለሰው ማደሪያም፣ መጓጓዣም፣ ከማዕበል መሸሻም ሆና ተገኘች ማለት ነው።

ብልሃቱ ከልክ ሲያልፍ

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ብልሃትና ጥበብ ነው። ከእንግዲህ ወዲህ ያለው ግን የስስት ታሪክ ነው።

በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሌላ ዓይነት መደበቂያ እየተስፋፋ ሄደ። ስሙም «ሲንክቦክስ» ይባላል፤ ሰማጭ ሣጥን እንደ ማለት ነው። ይህ መሣሪያ ጀልባ ለመባል እንኳ አይበቃም። በሬሣ ሣጥን አምሳል የተሠራ ጠባብ ሣጥን ሆኖ፣ በዙሪያው ከእንጨትና ከሸራ የተሠሩ ሰፋፊ ክንፎች አሉት። ክንፎቹ በውሃው ላይ ተዘርግተው ማዕበሉን ሲያበርዱ፣ ሣጥኑ ከነሰውየው ከውሃው ወለል በታች ይወርዳል። ሣጥኑም በበቂ እንዲሰምጥ ከብረት የተሠሩ ከባድ የዳክዬ ምስሎች በክንፎቹ ላይ ይደረደራሉ። በዙሪያውም በመቶ የሚቈጠሩ የእንጨት ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ። በዚህ ጊዜ የሚመጣው መንጋ በወገኖቹ መካከል የሚያርፍ ይመስለዋል እንጂ፣ ከመካከላቸው አንድ ሰው ከውሃ በታች ተጋድሞ እንደሚጠብቀው በምንም ሊያውቅ አይችልም።

በሜሪላንድ፣ የሰስኵሃና ወንዝ ከቼሳፒክ ወሽመጥ በሚገናኝበት በሃቨር ደ ግሬስ ከተማ አካባቢ፣ በዚህ መሣሪያ የሚጠቀሙት አዳኞች ለራሳቸው ምግብ የሚያድኑ አልነበሩም፤ ለገበያ የሚያድኑ ነበሩ። የተገደለውም ዳክዬ በበርሜል ታጭቆ፣ በባቡር ተጭኖ፣ ወደ ባልቲሞር፣ ወደ ፊላዴልፊያና ወደ ኒው ዮርክ ሆቴሎች ይላክ ነበር። ከዚህም ጋር ከእንግሊዝ አገር የመጣ ሌላ መሣሪያ ተጨመረ። ይኸውም በትከሻ የማይያዝ፣ በጠፍጣፋ ጀልባ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ታላቅ ጠመንጃ ነው። በአንድ ተኩስ ግማሽ ኪሎ ወይም ከዚያ የሚበልጥ የእርሳስ ፍንጣሪ ስለሚተፋ፣ በውሃ ላይ ከተኛው መንጋ በደርዘን የሚቈጠሩትን ባንድ ጊዜ ይፈጃል። አዳኙ በሆዱ ተኝቶ፣ በትንሽ መቅዘፊያ ድምፅ ሳያሰማ እየቀዘፈ፣ በጨለማ ይጠጋቸው ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ አይቶ የተቈጣ ሰው አልነበረምን ትሉ ይሆናል። ነበረ። የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ሸንጎ በ1838 ዓ.ም. በሰማጭ ሣጥን ማደንን በሕግ ከለከለ። ነገር ግን አዳኞቹ ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው ማደናቸውን ቀጠሉ፤ ስማቸውን ለዳኛ የሚያስታውቅ ሰው ቢገኝ እንደሚጎዱትም ዛቱ። ሕጉም የሚያስፈጽመው አጥቶ ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ ተሻረ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ይህን ነገር በጥሞና ተመልከቱት። ሰውየው መጀመሪያ ከዳክዬ ዓይን ለመሰወር ሣር ለበሰ፤ በኋላ ከሕግ ዓይን ለመሰወር ጭምብል ለበሰ። የመጀመሪያው መሰወር ሙያ ነው፤ ሁለተኛው ግን ወንጀል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የወሰደው መንገድም ረጅም አልነበረም።

ልጓሙ

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ብዙ ለማግኘት የተፋጠኑት ሰዎች የነበራቸውንም ወደ ማጣት ደረሱ። ዳክዬው እያነሰ ሄደ። ከዳክዬው ጋር አብሮ ለገበያ ይታደን የነበረው፣ ሲበር ፀሐይን ይጋርድ የነበረው የአሜሪካ ተጓዥ እርግብ፣ የመጨረሻይቱ ዘሩ በ1914 ዓ.ም. በሲንሲናቲ ከተማ የአራዊት ማሳያ ስፍራ ሞተች። በቢሊዮን ይቈጠር የነበረ ፍጥረት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ፈጽሞ ሲጠፋ ያየ ሕዝብ፣ ነገ የዳክዬው ተራ መሆኑን ለመገንዘብ ነቢይ አላስፈለገውም።

ሕጉም ደረጃ በደረጃ ተሠራ። በ1900 ዓ.ም. በአንድ ክፍለ ሀገር በሕገ ወጥ መንገድ የታደነውን ወደ ሌላው ክፍለ ሀገር ማጓጓዝ ተከለከለ። በ1916 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና ስለ ካናዳ ሆኖ የእንግሊዝ መንግሥት፣ ከአገር ወደ አገር የሚጓዙትን አዕዋፍ ለመጠበቅ ውል ተዋዋሉ፤ በ1918 ዓ.ም. ይህ ውል በአሜሪካ አገር ሕግ ሆኖ ታወጀ፤ የገበያ አደንና ከመጠን ያለፈው ትልቅ ጠመንጃም በዚሁ ቀረ። የሚዙሪ ክፍለ ሀገር «በሰማዬ የሚያልፈው ወፍ የእኔ ነው» በማለት ቢከራከር፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1920 ዓ.ም. ክርክሩን አልተቀበለውም። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ከዚያ የሚያድር ወፍ የማንም ክፍለ ሀገር የግል ሀብት ሊሆን አይችልምና።

ከዚያም በ1930ዎቹ ዓመታት ታላቅ ድርቅ በአሜሪካ መካከለኛ ምድር ወርዶ፣ ዳክዬ የሚፈለፈልባቸውን ኩሬዎች ሲያደርቃቸው፣ መንግሥት ሁለት ታላላቅ ነገሮችን አደረገ። በመጀመሪያ በ1934 ዓ.ም. ማንኛውም የዳክዬ አዳኝ ሊገዛው የሚገባ የ1 ዶላር ቴምብር አወጣ። የመጀመሪያውን ሥዕል የሣለው ዳርሊንግ የተባለ የታወቀ የጋዜጣ ሠዓሊ ነበር። ከዚህ ቴምብር ሽያጭ እስከ ዛሬ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ፣ ከ6 ሚሊዮን ኤከር በላይ ረግረግና የአዕዋፍ መኖሪያ ምድር ተጠብቆበታል። ሁለተኛም በ1935 ዓ.ም. ሰማጩ ሣጥን፣ ሕያዋን ዳክዬዎችን ማባበያ ማድረግና እህል በትኖ መንጋውን መሳብ በአገሪቱ ሁሉ ተከለከሉ፤ ደጋጋሚ ጠመንጃም ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ተወሰነ። በመጨረሻም ዳክዬዎች በጭቃ ውስጥ የቀረውን የእርሳስ ፍንጣሪ እንደ ጠጠር እየዋጡ በመርዙ መሞታቸው ስለ ታወቀ፣ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በእርሳስ ፍንጣሪ ዳክዬ ማደን በዚያ አገር ፈጽሞ ቀረ።

በእጅ የሚሠራው የሣር ዳስ

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሕጉ ሰማጩን ሣጥን ሲከለክል በሣር የለበሰውን ትንሽ ጀልባ አልከለከለም። ምክንያቱስ ምንድን ነው? ሰማጩ ሣጥን ሰውን ከውሃ ወለል በታች አውርዶ፣ ለወፉ ምንም ዕድል የማይሰጥ ነው። በጀልባ ላይ የተሠራው የሣር ዳስ ግን ከውሃ በላይ የሚታይ ነው፤ ሠሪው ከሰነፈ ወፉ ያውቅበታል። በሌላ አነጋገር ሕጉ የተወው ሙያ የሚጠይቀውን፣ የከለከለውም ሙያን ከንቱ የሚያደርገውን ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ አገር ብዙ አዳኞች ይህን ዳስ በገዛ እጃቸው ይሠራሉ። አሠራሩንም ባጭሩ እንደሚከተለው እንገልጽላችኋለን።

መጀመሪያ ብልጭታን ማጥፋት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ጀልባዎች ከአሉሚኒየም የተሠሩ ስለ ሆነ፣ ፀሐይ ሲያገኛቸው ከሩቅ ያበራሉ። ስለዚህ ጀልባው ከውስጥም ከውጭም የደረቀ ሣር ወይም የጭቃ መልክ ባለው፣ በማያብረቀርቅ ቀለም ይቀባል። ቀለሙ መልኩ ትክክል ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን ካለመቀባት አይሻልም።

ሁለተኛው ቀጥተኛውን መስመር መስበር ነው። በተፈጥሮ ውስጥ እንደ ጀልባ ከንፈር ቀጥ ያለ ነገር የለም፤ ወፉም የሚጠራጠረው ከመልኩ ይልቅ ቅርፁን ነው። ስለዚህ በጀልባው ግራና ቀኝ ከቀላል እንጨት ወይም ከቧንቧ የተሠራ ክፈፍ በማጠፊያ ይተከላል። ክፈፉም በጉዞ ጊዜ ወደ ታች የሚታጠፍ፣ በማድፈጫው ስፍራ ወደ ላይ የሚነሣ ይሆናል። ከፍታው የተቀመጠ ሰው ዓይን ከጫፉ ጥቂት ብቅ እስኪል ድረስ ይበቃል። በክፈፉ ላይ መረብ ይወጠራል፤ በመረቡም ላይ የሣር ነዶ በሲባጎ እየታሰረ፣ አናቱ ወደ ላይ፣ ርዝመቱ እኩል ሳይሆን ከፍ ዝቅ እያለ ይለብሳል። እንደ አጥር የተስተካከለ ሣር ዳክዬን አያታልልም።

ሦስተኛው ሣሩን ከዚያው ከሚታደንበት ዳር ማጨድ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሣር ለሰው ሣር ነው፤ ለዳክዬ ግን እንግዳ ነው። በበጋ አረንጓዴ የነበረው ዳርቻ በብርድ ወራት ይገረጣል፤ ዳሱም ከዳርቻው ጋር አብሮ መልኩን መለወጥ አለበት። አራተኛው የላዩን መክደን ነው። ወፉ የሚመጣው ከሰማይ ስለ ሆነ፣ ጎኑ ተሸፍኖ ላዩ ክፍት የሆነ ዳስ ጣራ እንደሌለው ቤት ነው። ይልቁንም ወደ ላይ የሚያንጋጥጥ የሰው ፊት በጥቁር ጭቃ መካከል እንደ ሳህን ያበራልና፣ አዳኙ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ይገባዋል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ነፍስን መጠበቅ ነው። ክፈፉ ከፍ ባለ መጠን ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል፤ እርጥብ ሣርም ከባድ ነው። ስለዚህ ብልህ ሠሪ ጀልባውን ከነጭነቱ አስቀድሞ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይፈትነዋል፤ በሁለቱም ጫፍ መልሕቅ ይጥላል፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያውንም አያወልቅም፤ በደረቅ ሣር መካከል እሳት አያነድም። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እጁ ስለሚደነዝዝ ዋና ማወቁ ብቻ አያድነውም። ሞተር ያለው ጀልባ ከሆነም፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጀልባው ከመሄድ እስኪቆም ድረስ መተኮስ በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው።

ከአዳኝነት ወደ ጠባቂነት

ይህ ብልሃት ከአደን ወጥቶ ወደ ሌላ ሥራ እንዴት እንደ ተሻገረ ሳንነግራችሁ ብንጨርስ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ፒተር ስኮት የሚባል እንግሊዛዊ በ1909 ዓ.ም. ተወለደ። ወደ ደቡብ ዋልታ ሄዶ የቀረው የካፒቴን ስኮት ልጅ ነው። በወጣትነቱ በእንግሊዝ አገር ምሥራቃዊ ዳርቻ በጠፍጣፋው ጀልባ እየተሳበ ዳክዬና ዝይ የሚያድን ሰው ነበር፤ ሥዕላቸውንም እጅግ አሳምሮ ይሥል ነበር። በእንግሊዝ አገር ያለው የዳክዬ አዳኝ ጀልባ በጨለማና በንጋት በገላጣ ውሃ ላይ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የሚቀባው የጭቃ መልክ ሳይሆን ነጣ ያለ ግራጫ ነው። በውሃና በሰማይ መካከል ጥቁር ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ነጣ ያለው ግን ይጠፋልና።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ስኮት በባሕር ኀይል ገብቶ «ብሮክ» በተባለች የጦር መርከብ ላይ ያገለግል ነበር። በ1940 ዓ.ም. መርከቦች በጥቁር ግራጫ ከሚቀቡ ይልቅ በነጭ፣ ፈዘዝ ባለ ሰማያዊና አረንጓዴ ቢቀቡ በሌሊት ከጠላት ሰርጓጅ መርከብ ዓይን እንደሚሰወሩ አሳብ አቀረበ። አሳቡም ተፈትኖ መልካም ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ምዕራባዊ መግቢያ የሚጠብቁት የእንግሊዝ መርከቦች በዚህ ዓይነት እንዲቀቡ ሆነ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ስኮት በ1946 ዓ.ም. በሰቨርን ወንዝ ዳር ስሊምብሪጅ በተባለ ስፍራ የዱር አዕዋፍ መጠበቂያ ማኅበር አቋቋመ። ከጊዜ በኋላም ጠመንጃውን ፈጽሞ አስቀመጠ። በዚያ ስፍራ ጥንት ዳክዬ ለመግደል ተሠርቶ የነበረው ወጥመድ፣ ዳክዬውን ይዞ በእግሩ ቀለበት አስሮ ለመልቀቅና መንገዱን ለማወቅ አገለገለ። ጥንት አዳኝ ያደፍጥበት የነበረው ዓይነት የእንጨት መደበቂያም፣ ተመልካቾች መንጋውን ሳያስደነግጡ የሚያዩበት መስኮት ሆነ። በሀዋይ ደሴቶች ቁጥሩ ወደ 30 ገደማ ወርዶ የነበረው የዝይ ዘር በስሊምብሪጅ ተራብቶ፣ በ1962 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው የያዘው ሰው ልብ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?

በአገራችን በተለይም በደጋው ዳክዬ ማደን እምብዛም አልተለመደምና፣ ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአውሮፓና በእስያ ሰሜናዊ ምድር የሚፈለፈሉት፣ ምንቃራቸው እንደ ማንኪያ ሰፊ የሆኑትና ጅራታቸው እንደ መርፌ የሾለው የዱር ዳክዬዎች፣ ብርዱ ሲጸናባቸው በብዙ ሺህ እየሆኑ ወደ ኢትዮጵያ ሐይቆች ይወርዳሉ። ጣና፣ ዝዋይና ሌሎችም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ለእነርሱ የክረምት ቤታቸው ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይም ኑሮው በደጋው ረግረግና ጅረት ዳር ነው።

ለእነዚህ ወፎች በእኛ አገር የሚያስፈራቸው በሣር የለበሰ ጀልባ አይደለም፤ የውሃው መድረቅ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ ዓመታት ውሃው ከመጠን በላይ ተቀድቶ፣ ደለልም ሞልቶት፣ እስከ መድረቅ ደርሶ እንደ ነበር የምታስታውሱ ብዙዎች ናችሁ። አብያታም ዳርቻው ወደ ውስጥ እየሸሸ ሄዷል። አዳኝ የገደለውን ያህል ገድሎ የቀረው ይራባ ይሆናል፤ ረግረጉ የጠፋበት መንጋ ግን የሚያርፍበት ስለሌለው ተመልሶ አይመጣም። የአሜሪካ አዳኞች ይህን ዘግይተውም ቢሆን ስለ ተረዱ ነው፣ በየዓመቱ ከጠመንጃቸው በፊት ቴምብራቸውን የሚገዙት።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ሄዘልተን ሲመን በ1836 ዓ.ም. ጀልባውን ሣር ባለበሰ ጊዜ የሠራው ክፉ ነገር አልነበረም። የእርሱ ጀልባ አንድ ሰው፣ በአንድ ጠመንጃ፣ በብርድና በትዕግሥት ራቱን የሚያገኝበት ነበር። ጥፋቱ የመጣው ልክ የሚባለው ነገር ሲጠፋ ነው። ሰው በሣር ተሸፍኖ ከወፍ ዓይን ሊሰወር ይችላል፤ በጭምብል ተሸፍኖም ለጥቂት ጊዜ ከዳኛ ዓይን ሊያመልጥ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ሰማዩ ባዶ በሆነ ጊዜ፣ ከልጆቹ ጥያቄ የሚሰወርበትን ሣር የሚያጭድበት ረግረግ አያገኝም። ስለዚህ ከደጃችን ያለውን ኩሬና ረግረግ፣ ነገ የሚወርደው መንጋ ማረፊያ እንዳያጣ፣ ዛሬ እንድንጠብቀው እያሳሰብን የዛሬውን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።